መቆጣጠሪያው አልነሳ ሲል፦ አዲስ ቺፕ ከማስመጣትህ በፊት

ከጅማ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከግማሽ በርሜል በሠራሁት የከሰል ምድጃ ላይ ስጋ ቀስ ብሎ እንዲበስል ሙቀት የሚቆጣጠር ነገር ሠርቻለሁ። ቴርሞካፕል ሙቀቱን ያነባል፣ አርዱይኖው (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) እያየ ትንሿን የ12 ቮልት ፋን ያበራል ያጠፋል። ያለ ሊድ ሽቦ እየተሰካ በሚሞከርበት ብሬድቦርድ ላይ እያለ ምንም አላስቸገረኝም። ከዚያ አትሜጋ 328ቱን (ዋናውን ቺፕ) ከኡኖው፣ ማለትም ከአርዱይኖው ቦርድ ላይ ነቅዬ ሁሉንም በቀዳዳ ቦርድ ላይ በሊድ አያያዝኩት። አሁን ስሰካው የስክሪኑ መብራት ይበራል፣ በላይኛው መስመር ጥቁር ሳጥኖች ይደረደራሉ፣ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። 7805ቱ (12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው ክፍል) ደግሞ እጅ ያቃጥላል። በቴስተር ስለካው 12ም 5ም ቮልት አለ። ቺፑ ተቃጥሏል ማለት ነው? ከአዲስ አበባ ሌላ ላስመጣ?»

ወንድሜ፣ አታስመጣ፤ ቢያንስ ገና ነው። የጻፍክልኝ ምልክት በሙሉ የሚናገረው ቺፑ ሥራ አለመጀመሩን እንጂ መቃጠሉን አይደለም። ኡኖው ላይ ሳለ ቦርዱ ሳትጠይቀው ያደርግለት የነበረ ብዙ ነገር አለ፤ ነቅለህ ስታወጣው ያንን ሁሉ በእጅህ ልታሟላለት ይገባል። እኔ የምጠረጥረው ከእነዚያ አንዱ እንደቀረ ነው።

ከሳጥኖቹ እንጀምር። ባለ ሁለት መስመሩ ኤልሲዲ ኃይል አግኝቶ ነገር ግን ማንም ትእዛዝ ሳይልክለት ሲቀር የላይኛውን መስመር በጥቁር ሳጥን ሞልቶ ይቀመጣል። ፕሮግራምህ ገና ሲነሳ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ስክሪኑን ማስነሳት ነው። እዚያ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሳጥኖቹ ይጠፉ ነበር፤ ጽሑፍ ባታይ እንኳ ጥርት ያለ ባዶ መስመር ታይ ነበር። ስለዚህ ቴርሞካፕሉን፣ ማክስ 6675ቱን (የቴርሞካፕሉን ንባብ ለቺፑ የሚተረጉመውን ክፍል)፣ የሙቀት ስሌቱን ለጊዜው እርሳቸው። ኮዱንም አትነካካው፤ ብሬድቦርድ ላይ የሠራ ኮድ ወደ ሌላ ቦርድ ስለተዛወረ አይበላሽም። አንድ ነገር ብቻ ልለይ፦ ስክሪንህ ከጀርባው ትንሽ ቦርድ ተለጥፎበት በአራት ሽቦ የሚገናኝ ዓይነት ከሆነ፣ ሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች ቦታ ቢለዋወጡም ያው ሳጥን ነው የሚታየው። እነሱ የሚሄዱት ወደ ቺፑ 27ኛና 28ኛ እግር ነው፤ አየት አድርጋቸው።

ፋኑ በሙሉ ኃይል መዞሩ ሌላ ብልሽት እንዳይመስልህ። ቺፑ ሥራ ካልጀመረ እግሮቹ ወደ ላይም ወደ ታችም አይጎትቱም፤ ፋኑን የሚያበራውና የሚያጠፋው ትራንዚስተር፣ የሞስፌቱ ጌት (ትእዛዝ የሚቀበልበት እግሩ) ተንጠልጥሎ ይቀራል። የተንጠለጠለ ጌት ደግሞ በአየሩ ውስጥ ካለው ከማንኛውም ነገር ትንሽ ቻርጅ ለቅሞ ሞስፌቱን ሊከፍተው ይችላል። መድኃኒቱ አንድ 10 ኪሎ ኦም ሪዚስተር ከጌቱ ወደ ግራውንድ ማገናኘት ነው። ይህን ዛሬውኑ አድርገው፤ ዋናው ችግር ምንም ይሁን ምን። ቺፑ ባይነሳ ወይም ከሰል ነዶ ሳለ ቢቆም፣ ያለ ተቆጣጣሪ የሚነፍስ ፋን በርሜልህን የአንጥረኛ ወናፍ የገባበት ምድጃ ነው የሚያደርገው። መቆጣጠሪያ ሲበላሽ ፋኑ መጥፋት አለበት እንጂ መብራት የለበትም።

አሁን ቺፑ በሕይወት መኖር አለመኖሩን በነጻ እንወቅ። ኡኖው በእጅህ አይደል? ከቀዳዳ ቦርዱ ላይ ቺፑን ንቀለው፤ እግሮቹ እንዳይጣመሙ በቀጭን ዊንዲቨር ከሁለቱም ጫፍ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ እያነሳህ። (መቼም በሶኬት እንጂ ቺፑን ራሱን በሊድ አልያዝከውም ብዬ አምናለሁ።) ወደ ኡኖው መልሰው፤ በቺፑ ጫፍ ያለችው የግማሽ ክብ ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር ትግጠም። ቁጥር 13 ላይ ያለችውን መብራት ብልጭ ድርግም የምታደርገዋን ቀላል ፕሮግራም ጫንበት። ከሠራ ቺፑ ደኅና ነው፤ ችግሩ አንተ በሠራኸው ቦርድ ላይ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ቀጥል። ካልሠራ ወይም ኮምፒውተሩ ፕሮግራም አልጭን ካለህ፣ ያኔ ስለ ግዢ እናወራለን። ግን አዲስ ከመሰካትህ በፊት የመጀመሪያውን ምን እንደገደለው ካላወቅክ ሁለተኛውም ያንኑ ዕጣ ነው የሚያገኘው።

ብልጭ ድርግም የምትለዋን ፕሮግራም እዚያው ቺፑ ላይ ተዋት። ቀዳዳ ቦርዱ ላይ ከ19ኛው እግር በ1 ኪሎ ኦም ሪዚስተር አንዲት ኤልኢዲ ወደ ግራውንድ አያይዝ፤ 19ኛው እግር የኡኖው ቁጥር 13 ነው። ቺፑን ስትመልሰው መብራቷ ብልጭ ካለች ቺፑ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው፤ ችግርህ የስክሪን ሽቦ ይሆናል። ካላለች ገና አልተነሳም። ከስክሪን ይልቅ ይቺ አንዲት መብራት እውነቱን ቶሎ ትነግርሃለች።

«12ም 5ም ቮልት አለ» ብለኸኛል። የት ላይ ለካህ? ቺፑ ተሰክቶ ሳለ ነው ወይስ ተነቅሎ? ብዙ ሰው የ7805ቱን እግር ለክቶ 5 ሲያገኝ ጉዳዩን ይዘጋዋል። እሱ ግን የሚናገረው ስለ 7805ቱ ብቻ ነው። ቺፑ ተሰክቶ፣ ፋኑ ተነቅሎ፣ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በቺፑ 8ኛ እግር ላይ፣ ቀዩን በ7ኛው ላይ አድርግ። የሶኬቱን ብረት ሳይሆን የቺፑን እግር ንካ፤ ያልነካ ሶኬት የሚታወቀው እንደዚያ ነው። ከ4.8 እስከ 5.2 ካነበብክ ጥሩ። ከዚያ ቀዩን ወደ 20ኛው እግር አዙር፤ ያው 5 መምጣት አለበት። 20ኛው «ለአናሎግ ብቻ» ተብሎ ስለሚነገር ብዙ ሰው ሳያገናኘው ይተወዋል። አምራቹ ግን አናሎግ ባትጠቀምም አገናኘው ነው የሚለው፤ ከእግሮቹ አንዳንዶቹ ኃይል የሚያገኙት ከእሱ ነው። በመጨረሻ ጥቁሩን ወደ 22ኛው ወስደህ ለካ፤ እሱም ግራውንድ ነው። ኡኖው ላይ አራቱም ተያይዘው ነበር፤ አንተ ጋ ስንቱን እንዳያያዝክ ቁጠር።

ቀጥሎ 1ኛው እግር፣ ሪሴት። ከግራውንድ አንጻር ሲለካ ወደ 5 ቮልት ሊጠጋ ይገባል። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ካነበብክ ቺፑ እንደተያዘ ነው፤ ማንም ቢሆን አያስነሳውም። ሊድ ፈሶ ከጎረቤት ጋር አገናኝቶት ይሆናል፣ ወይም የሪሴት ቁልፉን ስትበይድ ባለ አራት እግሩን ቁልፍ 90 ዲግሪ አዙረኸው ይሆናል። እነዚያ ቁልፎች ሁለት ሁለት እግራቸው ከውስጥ የተያያዘ ስለሆነ፣ ዞረው ከተበየዱ ሳይነኩ ሁልጊዜ እንደተጫኑ ናቸው። ከ1ኛው እግር ወደ 5 ቮልት 10 ኪሎ ኦም ሪዚስተር አድርግ። ቺፑ ከውስጥ የራሱ አለው፣ ግን ደካማ ነው፤ የፋን ሞተር አጠገቡ ሲነሳ ሊያናውጠው ይችላል።

ዋናው ተጠርጣሪዬ ግን 9ኛና 10ኛው እግር ነው። ከኡኖ የወጣ ቺፕ ከውጭ የ16 ሜጋኸርዝ ምት እንዲጠብቅ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ያ ምት ካልመጣ አንዲት ትእዛዝ እንኳ አይፈጽምም፤ ቮልቱ ሁሉ ልክ ሆኖ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አንተ የምታየው በትክክል ይህን ነው። ምቱን የምትሰጠዋ ክፍል ኡኖው ላይ ቀርታለች፤ ከቺፑ ጋር አትነቀልም። ቦርድህ ላይ 16.000 የተጻፈባት የብረት ክሪስታል በ9 እና በ10 መካከል አለች? ከሁለቱም እግሮች 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ወርዷል? «22» ብቻ የተጻፈበት የሴራሚክ ካፓሲተር ነው የሚፈለገው፤ «104» የተጻፈበትን በስህተት እዚያ ካደረግክ ክሪስታሏን ሙሉ በሙሉ ያፍናታል፤ እሱ 100 ናኖፋራድ ነው፣ ከሚፈለገው ከአራት ሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። «104»ቱ ቦታው 7 እና 8 መካከል፣ እንዲሁም 20 እና 22 መካከል ነው። ክሪስታሏ ቺፑን ተጠግታ ትቀመጥ፤ በረጅም ሽቦ ያያዝካት ከሆነ ያ ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ጅማ መርካቶ ውስጥ ባለ 16ቱን ካጣህ፣ ከሞተ ፍላሽ ዲስክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ባለ 12 ሜጋኸርዝ ታገኛለህ። ለሙከራ ይሆናል፤ ቺፑ ይነሳል፣ ሰዓቱ ግን ይዘገያል፦ አንድ ሴኮንድ ያልከው 1.33 ሴኮንድ ይሆናል። ከአሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ የምትነቅላት ግን በአብዛኛው 27 ናት፤ የዚህ ቺፕ ጣሪያ 20 ስለሆነ እሷን ተዋት። ኦሲሎስኮፕ ላይ ማየት ከፈለግክ ቂጦ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) የሚማር ሰው አታጣም፤ ግን እውነቱን ለመናገር ክሪስታሏን ቀይሮ ማየት ከዚያ ይቀልላል።

አንድ ሌላ ስህተት አለ፤ በቀዳዳ ቦርድ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሊጠነቀቅለት የሚገባ። ሽቦ የምትዘረጋው ከቦርዱ ሥር ነው፤ ሥዕሉ ግን ቺፑን ከላይ ያየዋል። ቦርዱን ስትገለብጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። ሳታስተውል ከሠራህ ለ7ኛው ያልከው 5 ቮልት 22ኛው ላይ፣ ለ22ኛው ያልከው ግራውንድ 7ኛው ላይ ይወድቃል፤ ማለትም ቺፑ ተገልብጦ ኃይል ያገኛል። ይህ ከሆነ 7805ቱም ቺፑም ወዲያው ይግላሉ፣ 5 ቮልቱም ወደታች ይወርዳል። ለዚህ ነው ቺፑ ተሰክቶ ነው ወይስ ተነቅሎ የለካኸው ብዬ የጠየቅኩህ። ተሰክቶ 5 ከቆመ በዚህ አትጨነቅ። ከወረደ ግን አሁኑኑ አጥፋና ቦርዱን እንደ አዲስ ቁጠር፤ ከሥር በማርከር 1ኛውን እግር ምልክት አድርገህ።

ወደ 7805ቱ ሙቀት እንምጣ። እሱ 12ቱን ወደ 5 የሚያወርደው ትርፉን 7 ቮልት ሙቀት አድርጎ በማባከን ነው። ቺፑ ወደ 15 ሚሊ አምፒር፣ ማክስ 6675ቱ ከ2 ሚሊ አምፒር በታች፣ የስክሪኑ መብራት ደግሞ ከ20 እስከ 30 ቢወስዱ በድምሩ 50 አካባቢ ነው። 7 ቮልት በ0.05 አምፒር ሲባዛ 0.35 ዋት። ብረት ማቀዝቀዣ የሌለው 7805 በእያንዳንዱ ዋት ወደ 65 ዲግሪ ስለሚጨምር፣ ይህ ከክፍሉ ሙቀት 23 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። ለብ ይላል እንጂ እጅ አያቃጥልም። ጣትህን ማሳረፍ ካልቻልክ ሊወሰድ ከሚገባው በላይ የሚወስድ ነገር አለ። የስክሪኑን 15ኛ እግር ንቀልና ጠብቅ። ከቀዘቀዘ የጀርባ መብራቱ ያለ ሪዚስተር ተያይዟል ማለት ነው፤ 100 ኦም አስገባበት። ካልቀዘቀዘ ቺፑን ንቀል። አሁንም ከጋለ ሊድ ከሊድ የተነካካበት ቦታ ፈልግ። ፋኑ በስህተት ከ5 ቮልቱ ላይ ተያይዞ እንዳይሆንም እይ፤ ፋን ከ12ቱ ነው በቀጥታ የሚጠጣው።

ደግሞ 7805 ካፓሲተር ይፈልጋል፤ በመግቢያው 0.33፣ በመውጫው 0.1 ማይክሮፋራድ፣ ሁለቱም እግሩን ተጠግተው። ያለነሱ መውጫው ሊርገበገብ ይችላል። ቴስተር የሚያሳይህ አማካዩን ስለሆነ ውስጡ እየተንቀጠቀጠ እንኳ 5.0 ይልሃል።

ስለ አዳፕተሩ። «2 አምፒር» ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ አዳፕተር ፋኑ ሲነሳ ሊዝል ይችላል፤ የራሱ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ጢክ ጢክ የሚል ድምፅ ካሰማ ያ ነው ምልክቱ። ከፍተህ ለማየት አትሞክር፤ ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከአዳፕተሩ ይልቅ በባጃጅ ባትሪ ሞክረው፣ እሱም 12 ቮልት ነው። ባትሪ ግን ሾርት ሲያገኝ አይምርም፤ ሽቦ ያቀልጣል። ስለዚህ በፖዘቲቩ ሽቦ መካከል የባጃጅ የኋላ መብራት አምፖል አስገባ፣ ባለ 5 ዋቱን። ፋኑ ተነቅሎ ሳለ ቦርድህ ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ አይበራም ወይም እምብዛም አይታይም። ሙሉ በሙሉ ከበራ ሾርት አለ፤ የሚያልፈው ግን ከ0.4 አምፒር ብዙም ስለማይበልጥ የሚቃጠል ነገር የለም። ረጋ ብለህ አንድ አንድ እየነቀልክ የትኛው ሲወጣ አምፖሉ እንደሚጠፋ ታያለህ። ከፊውዝ የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ፊውዝ አንዴ ተቃጥሎ ዝም ይላል፣ አምፖል እየበራ ቦታውን ያሳይሃል።

ፋኑን የምትመልሰው ይህ ሁሉ ካለቀና መብራቷ ብልጭ ካለች በኋላ ነው። ከመመለስህ በፊት በፋኑ ሁለት ጫፍ ላይ ያደረግከውን ዳዮድ እይ፦ ባለ መስመሩ ወገን ወደ 12 ፖዘቲቭ ነው የሚዞረው። ከተገለበጠ ሞስፌቱ በተከፈተ ቁጥር 12ቱን በቀጥታ ሾርት ያደርገዋል። ሞስፌትህ አይአርኤፍዜድ 44 ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ10 ቮልት ነው፤ በ5 ለትንሽ ፋን ይበቃሃል፣ ከጋለ ግን አይአርኤልዜድ 44 ቀይርበት፤ እግሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው።

በክረምት ከሆነ የምትሠራው፣ የጅማን እርጥበት አትናቅ። በሊዱ ዙሪያ የቀረው የመበየጃ ፓስታ (ፍላክስ) ቅሪት እርጥበት ሲስብ በተቀራረቡ እግሮች መካከል ኤሌክትሪክ ያሾልካል፤ ክሪስታል እግር ላይ ደግሞ ትንሽ ሹልክታ ይበቃል። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ፈትገህ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው። ሳጥኑን ከበርሜሉ አርቀህ በጥላ ስቀለው፤ ማክስ 6675ቱ ራሱ ከ85 ዲግሪ በላይ እንዲሠራ አልተሠራም፤ በዚያ ላይ የሚያነበውን የሚያስተካክለው በራሱ ሙቀት ስለሆነ፣ እሱ በእሳት ከጋለ ንባቡም ይዛባል።

ሲነሳልህ ቴርሞካፕሉን በፈላ ውሃ ትፈትነው ይሆናል። 100 አትጠብቅ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። 94 ሲልህ «ስድስት ጎደለው» ብለህ በኮዱ ውስጥ እንዳትጨምርለት፤ ልክ ነው ያለው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ያስቀመጥክለትን 120 ዲግሪ እንዲያስታውስ ቁጥሩን ቺፑ ውስጥ ባለው ቋሚ ማኅደር ላይ ጻፍለት፣ ግን ቁጥሩ ሲቀየር ብቻ፤ ማኅደሩ የሚችለው ወደ 100,000 ጊዜ መጻፍ ነውና በየሴኮንዱ የሚጻፍበት ከሆነ ከሁለት ቀን አይዘልም።

አሁንም ካልተነሳ እነዚህን ቁጥሮች ላክልኝ፦ ቺፑ ተሰክቶ፣ ፋኑ ተነቅሎ፣ ከ8ኛው እግር አንጻር 1፣ 7 እና 20 ስንት ስንት እንዳነበቡ፤ ክሪስታሏ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ፤ አምፖሉ በርቶ እንደሆነ። ከቦርዱ ሥር ብርሃን ላይ የተነሳ አንድ ጥርት ያለ ፎቶም ጨምርበት።